ሽንኩርቱ የተጣለው ደብረ ብርሃን ነው፤ የተበላሸው ግን ሌላ ቦታ

ኬሻውን ስፈታው ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። የበሰበሰ ሽንኩርት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአፍንጫ አልፎ ልብስ ላይ ይቀራል። ላይ ላዩ ደህና ነበር። ቀይ፣ ደንዳና፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። እጄን ወደ መሃል ሰደድ ሳደርግ ግን ሞቀኝ። ኅዳር ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሜዳው ውርጭ ለብሷል። በዚህ ሰዓት ኬሻ ውስጥ የገባ እጅ ሊሞቀው አይገባም።

ከዚያ አንድ ኬሻ ብቻ 17 ኪሎ ጣልኩ። ከሥሩ የነበሩትም ከእሱ አይሻሉም።

ሽንኩርቱን የሚያመርተው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቀወት ወረዳ፣ ከሸዋሮቢት ብዙም ሳይርቅ። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን እቀበለዋለሁ፤ እቸረችራለሁ፣ ለምግብ ቤቶችም አደርሳለሁ። ድንች ከጉዶ በረት፣ ቲማቲም ከቆላ፣ ጥቂት እህልም አለኝ። ሥራው ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል። ያን ቀን ግን እንደ ጀማሪ ሰው ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። ደላላውን ረገምኩ። ሾፌሩን ረገምኩ። ንዴቴ በረድ ሲል ለወንድሜ ደወልኩና ሽንኩርቱ ከመሬት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ የሆነውን አንድ በአንድ ጠየቅኩት።

ሊነቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ውሃ ጠጥቷል። ለምን ስለው «እታለም፣ የሚገዙኝ በኪሎ ነው፤ ውሃ የጠጣ ይከብዳል» አለኝ። ጠዋት ተነቀለ፤ ሳይደርቅ እዚያው ለጉዞ ተዘጋጀ። ቅጠሉ ሲቆረጥ፣ እንዲያምር ተብሎ አንገቱ ከሥሩ ተመለመለ። 8 ሰዓት ላይ፣ የቆላው ፀሐይ አናት በሚበሳበት፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሸራው ግጥም ተደርጎ ታሰረ። ማታ የጣርማ በርን ተራራ ሲወጣ ጉም ውስጥ ገባ። እኔ ጋ 3 ሰዓት ሲደርስ አውራጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበርና መኪናው ላይ አደረ። በማግስቱ አራገፍኩት። አንዱንም ኬሻ ሳልፈታ አምስት አምስት አድርጌ ደረደርኩና አምስት ቀን ረሳሁት።

ቁጠሩት። ስድስት ጥፋት ነው፤ ስድስተኛው የኔ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ምግብ የሚጣልበትና የሚበላሽበት ቦታ አንድ አይደለም። እኔ ሱቅ የበሰበሰው ሽንኩርት የታመመው ቀወት ማሳ ላይ ነው። እናንተ ቤት የሻገተው ቲማቲም የተጨፈለቀው ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ብክነት መቀነስ የፈለገ ሰው ከሚጥልበት ቅርጫት ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። እኔ እንዴት እንደምሄድ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ቁጥሩን ላስቀምጥ፤ የኔ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ለሰው ከሚመረተው ምግብ ሲሶው ገደማ፣ ማለትም ወደ 1.3 ቢሊዮን ቶን በየዓመቱ ይጠፋል ወይም ይባክናል። በ2019 ደግሞ ነገሩን ከፋፍሎ አየውና፣ ከአጨዳ በኋላ ችርቻሮ ሳይደርስ የሚጠፋው ብቻ 14 በመቶ ገደማ ነው አለ። ከችርቻሮ ወዲያ ያለውን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ቆጠረው። በ2022 ሱቅ፣ ምግብ ቤትና መኖሪያ ቤት አንድ ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ጥለዋል፤ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት ነው። እኛ ነጋዴዎች ስንታማ እንኖራለን እንጂ ጓዳውም ቀላል አይደለም።

ይሁንና የዓለም ቁጥር ስለ እናንተ ኬሻ አያውቅም። የራሳችሁን ቁጥር ያዙ።

መጀመሪያ ደብተርና ሚዛን

የኔ ደብተር ባለ 50 ሉክ ነው። አራት አምድ አለው፦ ቀን፣ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ተጣለ፣ ለምን። «ለምን» የሚለው ሥር «ተበላሸ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ተበላሸ ምክንያት አይደለም። ወይ በሰበሰ፣ ወይ ተጨፈለቀ፣ ወይ አበቀለ፣ ወይ ውርጭ መታው፣ ወይ አይጥ በላው፣ ወይ ገዢ አጣ። ከስድስቱ አንዱን ጻፉ። ከመጣላችሁ በፊት መዝኑ፤ በዓይን መገመት የለም። ዓይን ለራሱ ያዳላል።

አንድ ወር ስትጽፉ ነገሩ ይገለጥላችኋል። እኔን ያስደነገጠኝ ቲማቲም ነው። የሚበሰብስብኝ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ ላይ ግን «ተጨፈለቀ» የሚለው በዛ። መበስበሱ ከመጨፍለቁ በኋላ የመጣ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ገዢ አጣ» ነው። ይሄኛው የሚከሰተው መቼ እንደሆነ ስፈልግ ከጾም ጋር ይሄዳል። በሁዳዴ ድንች፣ ጎመን፣ ቲማቲም ይሻማል። የፋሲካ ሰሞን ሽንኩርት ለዶሮ ወጥ ይነጠቃል። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ግን ጎመንን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ከዚያ ወዲያ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አሁን የዘመን መቁጠሪያ ከሚዛኑ አጠገብ ሰቅያለሁ። ትእዛዝ የምሰጠው እሱን አይቼ ነው።

ሽንኩርት፦ ከማሳ እስከ መጋዘን

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የከሰርኩበት ስለሆነ።

ከመነቀሉ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ውሃ ይቆማል። ምልክቱ ቅጠሉ ነው። አንገቱ ላይ ታጥፎ መተኛት ይጀምራል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲተኛ ደርሷል። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንገቱ የወፈረ ሽንኩርት ቢያጓጓም ገና ነው። ወፍራም አንገት ቶሎ አይደርቅም፤ ያልደረቀ አንገት ደግሞ የተከፈተ በር ነው፤ ብስባሹ በዚያ ይገባል።

ከተነቀለ በኋላ ማድረቅ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማድረቅ ማለት ሸዋሮቢት ፀሐይ ላይ ዘርግቶ መቀቀል አይደለም። በረድፍ ታስተኙታላችሁ፤ የአንዱ ረድፍ ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን። ፀሐይ ቅጠሉን ይምታ፣ ራሱን ንፋስ ያግኘው። ዝናብ ካስፈራ ዳስ ሥር። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይፈጃል። መድረሱን የምለየው በሁለት ጣት ነው። አንገቱን ጨመቅ አደርጋለሁ። ውስጡ የሚንሸራተት ነገር ከተሰማኝ ወይም ጣቴ ከረጠበ አልደረቀም። እንደ ደረቀ ገመድ ከሆነ፣ ቅርፊቱም ከተንኮሻኮሸ፣ ደርሷል።

ከዚያ ይቆረጣል። ሁለት ጣት ያህል፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አንገት ይተውለት። ከሥሩ የተመለመለ ሽንኩርት ያምራል፤ እንደ ማማሩ ግን አይቆይም። ስትቆርጡ ለዩ። መንታውን፣ የተፈነከተውን፣ አንገተ ወፍራሙን እዚያው ቅርብ ገበያ ሽጡት። መንገድ አይችልም። አንድ የቆሰለ ኬሻ ውስጥ ገብቶ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ወንድሜ ክርክር እንምጣ፤ እውነት አለውና። የደረቀ ሽንኩርት ይቀልላል። በኪሎ የሚሸጥ ገበሬ ለምን ብሎ ሳምንት ሙሉ ቆሞ ኪሎውን ያተናል? «ውሃ አታጠጣ» ብሎ መምከር ለአፍ ይቀላል። ስለዚህ ደብተሬን አውጥቼ የምጥለውን ደመርኩና፣ ለደረቀው በኪሎ 5 ብር ጨመርኩለት። ከመጣል መክፈል ይሻላል። ገዢ የሆናችሁ ሁሉ ይሄን አስቡት፤ ለክብደት ብቻ ከከፈላችሁ የምትገዙት ውሃ ነው።

እንዲያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ያሳመነው የኔ ብር አይመስለኝም። መንገድ ነው። በቅርብ ዓመታት መንገዱ የሚዘጋበት ሰሞን እንደነበር ታውቃላችሁ። በአንዱ ሰሞን እሱ አድርቆ ነበር፣ ጎረቤቱ ግን አላደረቀም። መንገዱ ሲከፈት የሱ ሽንኩርት ዳስ ሥር እንደተቀመጠ ነበር። የጎረቤቱን ወደ ጉድጓድ በጋሪ ሲያግዙት አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ክብደት አንስቶብኝ አያውቅም።

ኬሻው። መቶ ኪሎ አትሙሉ። መቶ ኪሎ የተሸከመ ሰው ቀስ አድርጎ አያወርድም፤ አይችልም። ይወረውረዋል። 50 ኪሎ ሲሆን ግን ተለምኖ ያስቀምጠዋል። አየር የሚያስገባ መረብ ከረጢት ካገኛችሁ እሰየው። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ግን አትክተቱት፤ ታፍኖ ያልባል።

ጭነቱ። ከሸዋሮቢት ደብረ ብርሃን ወደ 95 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አጭር ይመስላል። ሸዋሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አልፋለች፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከ3,000 በላይ ትወጣላችሁ። በአንድ ምሽት ከላብ ወደ ካፖርት ማለት ነው። የቆላ ሙቀት የያዘ ሽንኩርት ሸራ ሥር ሆኖ ይተነፍሳል። ሸራው ጣርማ በር ላይ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የድስት ክዳን ገልብጣችሁ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። ዝናብ ሳይዘንብ ጭነቱ ይረጥባል፤ ሾፌሩም «ጠብታ አልነካውም» ብሎ ይምላል። አይዋሽም።

ስለዚህ ጭነት ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ። ሸራው ከላይ ይታሰር፣ ከፊትና ከኋላ ንፋስ የሚገባበት ክፍተት ይተው። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ሁሉም መኪና ይቆማል፤ ረዳቱ ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም። ያን ጊዜ እጁን ሸራው ሥር አስገብቶ እንዲዳስስ አስለምጃለሁ። እርጥብ ከሆነ ሸራውን ገልጦ ያራግፈዋል፣ ለቀቅ አድርጎ መልሶ ያስረዋል። ኬሻ ላይ መተኛትም የለም። ለአውራጆች ከፊሉን ቀድሜ እከፍላለሁ፤ ማታ 4 ሰዓትም ቢሆን ይጠብቁኛል።

መጋዘን ስታስገቡ ከሲሚንቶው በጣውላ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ አርቁት። ሦስት ኬሻ ከመደረብ አትለፉ። በሁለተኛው ቀን የመሃሉን ኬሻ ፈትታችሁ እጃችሁን ስደዱ። ሙቀት አይዋሽም። ድንች አጠገቡ አታስቀምጡ፤ የድንቹ እርጥበት ሽንኩርቱን ያበቅለዋል።

ቲማቲም

ባጭሩ፦ ጥልቀት ይገድለዋል። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ የታችኛው የላይኛውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሻካራው እንጨትና የወጣ ምስማሩ ደግሞ ይቧጭረዋል። ጥልቀት የሌለው የፕላስቲክ ሳጥን ይሻላል፤ ውድ ነው፣ ግን ታጥቦ ይመላለሳል። ለሩቅ መንገድ ጫፉ መቅላት ሲጀምር ይለቀም፤ መንገድ ላይ ይበስላል። ደም መስሎ የቀላውን እዚያው ሽጡት። የተጨፈለቀውን ዕለቱን ለይቼ ለምግብ ቤቶች ለስልስ በርካሽ እሰጣለሁ። ካደረ ግን የሚገዛኝ የለም።

ድንችና ውርጭ

የደብረ ብርሃን ብርድ ለድንች በረከትም መርገምም ነው። ቅዝቃዜው ያቆየዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ውርጭ ሲጥል ደጅ ያደረ ድንች ይቀዘቅዝና ሲሟሟ ውሃ ይሆናል። ውርጭ ባይመታውም በጣም ሲበርደው ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። «ድንቹ ጣፈጠኝ» እያለ የሚመልስ ደንበኛ ነበረኝ፤ ቅሬታ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማታ በጭድ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ሁለተኛው ጠላቱ ብርሃን ነው። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ መራራ ይሆናል። አረንጓዴነቱ ሶላኒን የሚባለው መርዝ እንደበዛ ያሳያል። ትንሽ ከሆነ ጥልቅ አድርጎ መላጥ ነው፣ ብዙ ከሆነ መጣል። የሚበላውን ጨለማ ውስጥ፣ ዘር የሚሆነውን ደግሞ በተቃራኒው ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ። ለዘር አረንጓዴነቱ ጥሩ ነው፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ጉዶ በረት ያለው አቅራቢዬ ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት በፊት ግንዱን ያጭዳል። ልጣጩ እንዲጠና ነው። በአውራ ጣት ሲገፉት የሚላጥ ድንች ለኬሻ አልደረሰም። ሌላው ነገር፣ አትጠቡት። ታጥቦ የመጣ ድንች ገበያ ላይ ያብረቀርቃል፣ በሳምንቱ ይለሰልሳል።

እህል፦ ጥርስ፣ ጨውና አየር

አያቴ መንዝ ሞላሌ ነበሩ። ጎተራቸው ከድንጋይ እግር ላይ የተቀመጠ ነበር፣ እርጥበት እንዳይስብ። ገብስ ከማስገባታቸው በፊት አንድ ፍሬ ጥርሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ቀጭ ካለ ይገባል፤ ከተለጠጠ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። እኔ ጥርሴን ስለማላምነው በጨው ነው የማየው። ጨው ምጣድ ላይ አድርቄ አቀዘቅዛለሁ። ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ሲሶውን እህል፣ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው። ከድኜ ደህና አድርጌ እነቀንቃለሁ፤ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ አይቀመጥም። ካልተለጠፈ ከዚያ በታች ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ግን 13 በመቶና ከዚያ በታች መሆን ስላለበት፣ ጨው ባይለጠፍም ጥቂት ፀሐይ እጨምርለታለሁ።

ነቀዝ ከየት ይመጣል? «እህሉ ራሱ ፈጠረው» የሚል ሰው አሁንም አለ። ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። እጩ፣ ማለትም ትሉ፣ ውስጥ ለውስጥ ይበላል፤ የሚታያችሁ ከወር በኋላ ወጥቶ ሲሄድ ነው። ሽምብራና ማሾ ላይ የምትመጣዋ ደግሞ እንቁላሏን ከላይ ነው የምትለጥፈው፣ አንዳንዴም ገና ማሳ ላይ ሳለ። ነጭ ነጥብ ታያላችሁ። ስለዚህ ከሸዋሮቢት ማሾ ወይም ከምንጃር ሽምብራ ስገዛ የማየው አንድ እፍኝ አንስቼ ነጥቡን ነው። ብርድ ነቀዝን ያደነዝዛል፤ የመንዝ ጎተራ ያን ያህል የሚቆየው ከአያቴ ጸሎት በተጨማሪ በዚህ ነው። ጤፍ ደግሞ ለነቀዝ ቤት ለመሆን ታንሳለች። ለዚህም ነው ድሮ ሰው ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ የሚያስቀምጠው። ጤፏ ክፍተቱን ሞልታ መላወሻ ታሳጣዋለች፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

አሁን የተሻለ አለ። ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ የሚሉት። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ጆንያ ከውጭ። አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጀመሪያ ለካሜሩን ገበሬዎች አተር መሰል እህል ያበጁት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ራሱ ይታፈናል። ኬሚካል የለውም። ግን ደንቡን ካልጠበቃችሁ ዋጋ የለውም። እህሉ የደረቀ ይሁን። እየሞላችሁ ነቅንቁ። አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡ፣ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩ። ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱት። ጎረቤቴ በየሳምንቱ እየፈታች «ሞተ ወይስ አልሞተም» ስትል ነቀዙን ስትቀልበው ከረመች።

ስለ ኪኒኑ ግን ፈገግ ሳልል ልናገር። የነቀዝ ኪኒን የሚባለው የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በግድግዳ ስንጥቅ ወደ መኝታ ቤት ያልፋል። እህል የምታስቀምጡበት ቤት ውስጥ የምትተኙ ከሆነ አታስቡት። ደግሞም በሚያፈስ ጆንያ ውስጥ ጋዙ ወጥቶ ስለሚያልቅ ነቀዙን እንኳ በወጉ አይገድልም።

የሻገተ እህልም እንዲሁ ቀልድ የለውም። «ለጠላ ይሆናል»፣ «ለላም ይሰጣል» ይባላል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ማፍላትም መጋገርም አያጠፋውም። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን በወተቷ መልሳ ለልጃችሁ ትሰጣለች። ይሄኛውን መጣል ብክነት አይደለም። ብክነቱ የተፈጸመው እህሉ ሳይደርቅ የገባ ቀን ነው።

ወተት የኔ ሥራ ስላልሆነ ረጅም አላወራም። የአካባቢያችን ወተት አቅራቢዎች ሲመለስባቸው ከማያቸው ነገሮች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር መቀላቀል፣ እና ጀሪካን። የጀሪካን ውስጡ እጅ አያስገባም፣ አይታጠብም። ሰፊ አፍ ያለው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ ይሁን፤ ማታም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት። በሁዳዴ ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ወተቱን ይዞ ከመጨነቅ ቀድሞ ለቅቤ ማጠራቀም ነው። ቅቤ ፋሲካን ይጠብቃል፣ ወተት አይጠብቅም።

ጓዳ

እንጀራ ትኩሱን አትደራርቡ። ከምጣድ የወጣው ሰፌድ ላይ ይብረድ፣ ከዚያ ይደረብ። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ መክተት የጣርማ በርን ሸራ ሞሰብ ውስጥ መድገም ነው። የተረፈውን ሻጋታ ሳይጀምረው ቆራርጣችሁ ፀሐይ ላይ ድርቆሽ አድርጉት፤ ከሻገተ በኋላ ሻጋታውን ጠርጎ ማድረቅ የለም።

ድግስን በተመለከተ ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። ለሠርግ የሚታዘዘኝን ሽንኩርት ስሰማ ስንት እንጀራ እንደሚደፋ ከወዲሁ ይታየኛል። «አንሶ ከሚያሳፍረኝ ተርፎ ይጣል» ይሉኛል። አሁን ሲታዘዘኝ እንግዳው ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከሚሉት እቀንስና «ካነሰ በማግስቱም ቢሆን ማለዳ አመጣለሁ» እላለሁ። እስካሁን ሁለተኛ የጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽያጬ ቀንሷል፤ ደንበኛዬ ግን አልቀነሰም።

ይሄን ስጽፍ ማታ 2 ሰዓት ሆኗል። ዛሬ ጭነት አለኝ። ወንድሜ ከሰዓት ደውሎ «አንገቱን ጨምቄዋለሁ፣ ደርቋል» ብሎኛል። እኔ ግን ነገ የመሃሉን ኬሻ ፈትቼ እጄን ሳልሰድ አላምነውም። አሁን ደግሞ ረዳቱ ከደብረ ሲና ደወለ። ሸራው ከሥሩ ደረቅ ነው አለኝ። አፉ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነበር፤ ቆሎው ነው።